ለአንቀጽ አሥራ አራት አሜን አልን

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ቀኝ አውራ ጣቴ ነው። የቀረው አካላቴ ብዙም የሚወራለት አይደለም። ጉልበቴ ከወንበር በተነሳሁ ቁጥር ዘይት እንዳጣ በር ይጮሃል፤ ጆሮዬ የሚፈልገውን ብቻ መርጦ ይሰማል፤ ጥርሶቼም አብዛኞቹ ከእኔ ጋር መኖር ሰልችቷቸው ሄደዋል። አውራ ጣቴ ግን መርሳ ላይ የታወቀች፣ የተከበረች ጣት ናት። ወፍጮ ቤት በነበረኝ ዘመን ዱቄቱ መላሙን የምፈትሸው በእሷ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አገሩ ሁሉ «የሳቸው እጅ ይቀናል» ብሎ አመነ። ሱቅ የሚከፍት ሰው ቁልፉን እኔ እንዳዞርለት ይጠራኛል። ጉድጓድ የሚያስቆፍር የመጀመሪያዋን ዶማ እኔ እንዳሳርፍለት ይለምነኛል። ከከፈትኳቸው ሱቆች መሀል የተዘጉትን፣ ካስጀመርኳቸው ጉድጓዶች መሀል ውሃ አልባ የቀሩትን የቆጠረ ሰው የለም። እኔም አላስቆጥርም።

ስልክ ሲመጣ ይህ ልማድ ወደ ስልክ ተዛወረ። ሰዉ አዲስ ነገር በስልኩ ላይ ሲያስጭን «እስቲ አያ፣ በእርስዎ ጣት ይጀመርልኝ» እያለ ያመጣልኛል። እኔም «የተባረከ ይሁን» ብዬ «እስማማለሁ» የምትለዋን ሰማያዊ ሳጥን እጫናታለሁ። ምን ላይ እንደተስማማሁ ጠይቄ አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲያስታርቅ የኖረ ሽማግሌ መስማማት ምን ይከብደዋል?

ዘሃራ ጎረቤቴ ናት። ባሏ ጓደኛዬ ነበር፤ ሲሞት ልጃቸው አወል ገና ጡት አልጣለም። ጥጥ እየፈተለች፣ ፈትሉን ገበያ እያወጣች አሳደገችው። አወል እንግዲህ ለአቅመ አዳም ደርሶ ወልድያ ላይ ሚስት ሊያገባ ነው። ልጅቷን የጠየቅነው ሽማግሎች ነን፤ የሽማግሎቹም አፍ እኔ ነኝ። የልጅቷ አባት ሐጂ ይማም ደግ ሰው ናቸው። «ልጁ ጨዋ ነው፤ ጥሎሽ ብላችሁ አትጨነቁ» አሉን። ይህን ለዘሃራ ብነግራት ተቆጣች።

«ወላሂ ባዶ እጄን የሰው ልጅ አልወስድም» አለች። «ሌላው ቢቀር ለአባቷ ጋቢ በእጄ ፈትዬ አለብሳለሁ። በኒካው ቀን ለብሰውት ይቀመጣሉ። ይህን ቃሌን ያድርሱልኝ።»

አደረስኩ። ሐጂም ደስ አላቸው፤ ለዘመድ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄን የምትወስደው ሴት በእጇ ፈትላ ታለብሰኛለች» ብለው አወሩ። እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ከተወራ ከገበያ የሚገዛ ጋቢ አይተካውም። ዘሃራ ጥጡን ዳምጣ፣ ባዝታ፣ ፈትላ ውርጌሳ ላለ ሸማኔ ሰጠችው። ተሸምኖ ሲመጣ ጥጉ ላይ አረንጓዴ ክር ሰካችበት። እንዲህ ያለ ጋቢ አይቼ አላውቅም፤ ሲነኩት ራሱ ያስተኛል።

በእኛ ልማድ እንዲህ ያለውን ዕቃ ይዞ የሚሄደው ሽማግሌው ነው። ሽማግሌው ማለት ደግሞ እኔ ነኝ። ታዲያ ሐሙስ ዕለት ጋቢውን በብብቴ ሸጉጬ ወደ መናኸሪያ ሳዘግም፣ አጠገቡ ያለው የስልክ ዕቃ ሻጭ ይርጋ አየኝ። ይርጋ ቻርጀር ይሸጣል፣ የተሰነጠቀ ስክሪን ይቀይራል፣ የቀረውን ጊዜ ኢንተርኔትን እሱ እንደፈለሰፈው አድርጎ ያወራል።

«ጋሼ ወዴት ነው?»

«ወልድያ። አደራ ላደርስ።»

«በዚህ ጉልበትዎ? ሚኒባስ ላይ ታጭቀው? ኧረ ጋሼ ዘመኑ ሄዷል! መተግበሪያ አለ እኮ። ሞተረኛው እዚህ ደጅ መጥቶ ይወስዳል፣ እዚያ ደጅ ያደርሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጠቀም ደግሞ ነፃ ነው።»

«ነፃ» የምትለዋን ቃል ሲጠራት ጉልበቴ ወዲያው ታመመ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ደህና ነበር።

የመተግበሪያውን ስም አልጠራም። ስማችንን ያለፈቃድ ያነሳ ብሎ የሚጀምር አንቀጽም እንዳለው በኋላ ስላነበብኩ ነው። ብቻ ዘሃራን አስጠራናት፤ መጣች። የጎረቤት ሻይ ቤቱ አስተናጋጅም፣ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ የመጣውም፣ ሚኒባስ የሚጠብቀውም ተሰበሰበ። ይርጋ በእኔ ስልክ ላይ ጫነና ረጅም ጽሑፍ ወጣ፤ ከታች «እስማማለሁ» የሚል።

«ዝም ብለው ይንኩት፤ ይህን ማንም አያነበውም» አለኝ።

እዚህ ላይ ኩራቴ ተነካ። ምን ማለት ነው ማንም አያነበውም? ይህ የአንድ ልጅ ጎጆ መውጫ ነው። ይህን የመሰለ ነገር ቃል ሳይነገርበት በጣት ንክኪ ብቻ ይጀመራል? መነጽሬን አደረግሁ፣ ተነሳሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ ሰርግ ላይ በምመርቅበት ድምፄ ማንበብ ጀመርኩ። እናንተ የምመርቅበትን ድምፅ አታውቁትም። እኔ እንዲህ ድምፄን ሳሰማ መርሳ ላይ የሰው መዳፍ ሳይታዘዝ ይዘረጋል።

«አገልግሎቱን በመጠቀምዎ ይህን ውል ተቀብለዋል!»

«አሜን!» አሉ። ዘሃራና የሷ ወገኖች ደግሞ «አሚን!»

«አገልግሎቱ እንዳለ ይቀርባል!»

«አሜን! እንዳለ ያቆይልን!»

«ለጠፋ፣ ለተሰበረ፣ ለዘገየም ዕቃ ተጠያቂ አንሆንም!»

«አሚን! ከመጥፋት ይሰውረን!»

ሞቀኝ። ድምፄ እየተከፈተ ሄደ። አንቀጽ አሥራ አራት ላይ ስደርስማ እንደ ዜማ አወረድኩት።

«በማናቸውም ሁኔታ ኃላፊነታችን፣ ለአገልግሎቱ ከተከፈለን ክፍያ አይበልጥም!»

«አይበልጥ! አሜን!»

«በዕቃው ምክንያት ክስ ቢመጣብን ተጠቃሚው ይከላከልልናል፤ ኪሳራችንንም ይሸፍንልናል!»

«ይከላከልልን! ይሸፍንልን! አሚን!»

የጆሮ ማዳመጫ ልትገዛ የመጣች አንዲት እናት ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ አየኋት። እኔም ራሴ ሆዴ ባባ። እንዲህ ያማረ ምርቃት ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ አንዱንም ቃል ግን አልሰማሁትም። ሰው ሲመርቅ ቃሉን ይሰማል እንዴ? ድምፁን ነው የሚሰማው።

ቀጥሎ ካርታ መጣ። ዕቃው የሚደርስበትን ቦታ መንካት አለብኝ። የሐጂ ቤት አዳጎ ሰፈር ነው፤ በሩ ሰማያዊ ነው። ወልድያ ግን በዚያች መስታወት ላይ ከአንድ እፍኝ ምስር የማትበልጥ ሆና ተዘርግታለች። አውራ ጣቴን ሳሳርፍባት ከተማዋ ግማሿ ጠፋች።

«በስሱ ጋሼ! በስሱ!» አለ ይርጋ።

«ጣት እኮ ናት፤ መርፌ አይደለችም» አልኩት።

ቀይ ምልክት አንድ ቦታ ላይ ተተከለ። ሞተረኛው መጣ፣ ጋቢውን በፌስታሉ ተቀበለ፣ ጭስ ለቆብን ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጮኸች፤ «ዕቃዎ ደርሷል! እናመሰግናለን!» ፎቶም አለው፤ ሰማያዊ በር፣ በሩ ሥር ፌስታል። ዘሃራ እልል አለች። እኔም ጣቴን ሳም ሳም አደረግኋት።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሐጂ ደወሉ። የወሎ ትልቅ ሰው የፈለገውን ነገር በስሙ ጠርቶ አይጠይቅም።

«ደህና ናችሁ? ጉልበትዎስ?»

«ደህና ነው ሐጂ።»

«አወልስ? ዘሃራስ?»

«ሁሉም ደህና።»

«እንዝርቷስ... ደህና ናት?»

ሰው የእንዝርት ጤና የሚጠይቀው ጋቢ ሲጠብቅ ነው። «ደህና ናት ሐጂ» አልኩ።

«አልሃምዱሊላህ። እንግዲህ ደጃችን ክፍት ነው» ብለው ዘጉ።

ኒካው እሑድ ነው። ሐጂ ባዶ ትከሻቸውን ተቀምጠው ዘመድ ሁሉ «ያቺ በእጇ የፈተለችው የታለ?» ሲላቸው ይታያችሁ። ዘሃራ ሙሽራዋን ቀና ብላ ልታይ አትችልም። አወልም ዕድሜ ልኩን የውሸታም ልጅ ይባላል። ቃሉን ያደረሰ፣ ጋቢውን ተቀብሎ ለሞተር የሰጠ፣ አሜን ያስባለ ደግሞ አንድ ሰው ነው።

ወደ ይርጋ ሮጥኩ። ሮጥኩ ስል፣ የሚያየኝ ሰው የቆምኩ ሊመስለው ይችላል፤ እኔ ግን ሮጫለሁ። ወደ ድርጅቱ ደወልን። አንድ የጭነት መኪና የሚሞላ ሙዚቃ ካዘፈኑብን በኋላ «ጥሪዎ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው» የሚል ድምፅ መጣ። ትልቅ ዋጋ ያለውን ነገር እንዲህ ማቆየት የት አገር ልማድ እንደሆነ አላውቅም። በመጨረሻ አንዲት ለስላሳ አንደበት ያላት ልጅ አነሳች። ነገሩን ከሥሩ ነገርኳት፤ ከአወል ጡት መጣል ጀምሬ። ጨዋ ናት፣ አላቋረጠችኝም።

«ይቅርታ አባቴ፤ ዕቃው እርስዎ ምልክት ባደረጉበት ቦታ ደርሷል። ምልክቱ መቻሬ ሰፈር ላይ ነው።»

«መቻሬ? እኔ አዳጎን ነው የነካሁት!»

«ሲስተሙ መቻሬ ነው የሚለው አባቴ። በተጠቃሚው ለተሞላ አድራሻ ኃላፊነት አንወስድም።»

«እሺ፣ ሰው ልካችሁ አትመልሱትም?»

«ዕቃው ከደረሰ በኋላ አይቻልም።»

«ካሳስ?»

«በአንቀጽ አሥራ አራት መሠረት የኃላፊነት ጣሪያችን ለአገልግሎቱ የከፈሉት ክፍያ ነው።»

«በጣም ጥሩ! እሱንም ቢሆን አምጡ።»

«ነፃ ነበር እኮ አባቴ።»

ጣሪያቸው የከፈልኩት ነው፤ የከፈልኩት ነገር የለም። እንግዲህ ጣሪያው ወለሉ ላይ ተለጥፏል ማለት ነው። በሕይወቴ ብዙ ቤት አይቻለሁ፤ ጣሪያው ወለሉ የሆነ ቤት ግን ያየሁት ያኔ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የሚገባ ሰው በደረቱ ይሳባል።

«ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?» አለችኝ።

«የመጀመሪያውን መቼ ረዳሽኝና ነው ሌላ?»

«መልካም ቀን ይሁንልዎ» ብላ ዘጋች። እሷ ምን ታድርግ፤ የሰጧትን ነው የምታነበው። እኔም ትናንት የሰጡኝን ነው ያነበብኩት፤ ልዩነታችን እሷ ሲከፈላት እኔ አሜን ይባልልኛል።

ያን ጽሑፍ እንደገና ከፈትኩት። ይህን ጊዜ ተቀምጬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እንደ ክስ ወረቀት። አቤት! ምን ያልጻፉት ነገር አለ? «ለቀጥተኛም ለተከታይም ጉዳት አንጠየቅም» ይላል። ተከታይ ማለት ምን እንደሆነ ይርጋን ጠየቅሁት፤ «ዕቃው በመጥፋቱ ምክንያት የሚመጣው መዘዝ» አለኝ። እንግዲህ የዘሃራ ውርደት፣ የሐጂ ትከሻ፣ የእኔ ሽምግልና፣ ሁሉም «ተከታይ» ተብሎ ከደጅ ቆሟል። ቀጥሎ «ውሉን ያለማስታወቂያ በማንኛውም ጊዜ ልንለውጥ እንችላለን» ይላል። እኛ ግን አንችልም። ቀጥሎ ያ ሁሉ ሰው «ይሸፍንልን» ያለበት አለ፤ ዘሃራ ብትከሳቸው ተከላካያቸው፣ ኪሳራ ቢደርስባቸው ሸፋኛቸው ማነው? ተጠቃሚው! ተጠቃሚው ማነው? ስልኩ የማነው? የኔ! በሰው ፊት፣ በከፍተኛ ድምፅ፣ በገዛ ፈቃዴ ለድርጅቱ ዋስ ሆኛለሁ። ዋስነቴን ያጸደቀው ሕዝብ ደግሞ በእንባ ነው ያጸደቀው።

እኔ ወፍጮ ቤት በነበረኝ ጊዜ ሴቶች እህላቸውን ትተውልኝ ይሄዱ ነበር። አንድ ቀን ሠራተኛዬ የአንዷን ጤፍ ከሌላዋ ማሽላ ጋር ደባልቆ ፈጨው። ምን አልኩ? «ኃላፊነቴ ከማስፈጫው አይበልጥም» አልኩ? ብልማ በማሽላው ዱቄት ቀብተው በገበያው መሀል ያዞሩኝ ነበር! ከቤቴ ጤፍ አውጥቼ ሰጠኋት፤ ሚስቴም ሳምንቱን ሙሉ ያንን የተደባለቀውን እየጋገረች አበላችኝ፤ ባስቀመጠችልኝ ቁጥርም «ብላ፣ ጌታው» ትለኛለች። የሚኒባስ ረዳት እንኳ፣ ያ አፉ የማያርፍ፣ ሂሳብ ሲመልስ የሚረሳው፣ «አደራ» ብለህ ዶሮ ብትሰጠው ዶሮዋ ብታመልጥ ሮጦ ይይዛታል እንጂ አንቀጽ አይጠቅስም። አደራ ጣሪያ የለውም። አደራ ያልተከደነ ግቢ ነው፤ ዝናቡም ፀሐዩም በተቀበለው ሰው ላይ ነው። እነዚህ የከተማ ብልጦች ግን የሰው ዕቃ ተሸክሞ የሰው ጭንቀት አለመሸከምን ጥበብ ብለውታል። ጎበዞች! እኔም ጥበባቸውን በዜማ ሰበክሁላቸው።

ይህን ሁሉ ለዘሃራ ነገርኳት። አንቀጹን፣ ጣሪያውን፣ ወለሉን፣ ተከታዩን።

«እና የት ነው ያለው ጋቢዬ?»

«መቻሬ ነው አሉ። እነሱ ግን...»

«እነሱ እነማን ናቸው አያ? እኔ እነሱን አላውቃቸውም። የሰጠሁት ለእርስዎ ነው።»

አለቀ። አንቀጽ የለ፣ ጣሪያ የለ። «አብሽሪ፤ ነገ ይገኛል» አልኳት። ይህን ስል ጉልበቴ ጮኸ፤ አላመነኝም መሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት የራሴን አሮጌ ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ ያቺን የሸሸኋትን ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ በአንድ ፍየልና በአንዲት ነፍሰ ጡር መሀል ታጭቄ። ፍየሉ የጋቢዬን ጫፍ ቀመሰ። ወልድያ ስደርስ ባጃጅ ያዝኩና ለባለ ባጃጁ ፎቶውን አሳየሁት።

«አባባ፣ ሰማያዊ በር ነው የሚፈልጉት?» አለኝ እየሳቀ። «መቻሬን ያስጨርሱኛላ! ሰው ሁሉ ሰማያዊ ነው የሚቀባው።»

ደግነቱ ፎቶው ላይ ከበሩ አጠገብ በዘይት ቆርቆሮ የተተከለ ጤና አዳም አለ። ስንዞር፣ ስንዞር፣ ቆርቆሮዋን አየኋት። አጠገቧ ደግሞ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ሰውየው ግን ጋቢ እስከ አገጩ ተከናንቦ በላብ ተጠምቋል። በጥጉ አረንጓዴ ክር!

መንገደኛው ሁሉ ሲያልፍ ይመርቀዋል። «ጋሽ ተሰማ፣ በደስታ ይልበሱት!» «እላይዎ ላይ ይለቅ!»

«ኧረ አይለቅ!» አልኩ በሆዴ።

ጠጋ ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ። «ስለ ጋቢው ነበር የመጣሁት» አልኩ።

ዘሎ ተነሳ። «አወቅሁ! ከልጄ ነው የመጡት! ደርሶት እንደሆነ ይዩልኝ ብሎ ልኮዎት ነው! ይግቡ፣ ይግቡ!» ወደ ጎረቤቱም ዞሮ፣ «የልጄ መልእክተኛ ናቸው! ከአዲስ አበባ!» ብሎ ጮኸ።

ከመርሳ ነኝ ለማለት አፌን ስከፍት አምባሻ ገባበት። ሻይ መጣ፣ ማር መጣ። ጋሽ ተሰማ ድሮ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ልጁ ከተማ ገብቶ ሥራ ከያዘ ወዲህ ለበዓል እንኳ ብቅ ብሎ አያውቅም፤ ጎረቤትም ይህንኑ እያነሳ ያሽሟጥጠው ነበር። «አሁን ግን አፋቸውን ያዙ!» ይላል፣ ጋቢውን እየዳበሰ። «በር ከፍቼ ስወጣ ደጄ ላይ! ስም የለው፣ ምን የለው። ከልጄ በቀር ማን ያስበኛል?»

አምባሻውን ወደ ሳህኑ መለስኩ። እንዲህ ያለውን ሰው ጋቢህን አውልቅ እንዴት ይባላል? ያን ያህል ዓመት ሰው ሳስታርቅ ይህን ቃል የሚናገር አንደበት አላዘጋጀሁም። የድርጅቱ ልጅ ብትሆን «በአንቀጽ አሥራ አራት መሠረት» ብላ ትጀምር ነበር። እኔ አንቀጽ የለኝም። ዘሃራ ግን አለችኝ፤ እሑድም ነገ ነው። መነጽሬን አወለቅሁና ሁሉንም ነገርኩት። ጣቴንም አሳየሁት።

አረንጓዴውን ክር በጣቱ ዳሰሰ።

«ትናንት እኮ ደወልኩለት» አለ በመጨረሻ። «"ጋቢው ደረሰኝ ልጄ" አልኩት። ትንሽ ቆየና "እ... አዎ፣ እንኳን ደረሰዎ አባባ" አለኝ። ያ መቆየቱ ኔትወርክ መስሎኝ ነበር።»

«ሳያነብ ተስማማ በሉኛ» አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ ደነገጥኩ። ጋሽ ተሰማ አፍጥጦ አየኝ፤ ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ ሳል እስኪያፍነው ሳቀ። ዓይኑን የጠረገው በራሱ እጅጌ ነው፤ በጋቢው አልጠረገም። አወለቀውና እጥፋቱን ተከትሎ በጥንቃቄ አጠፈው። «የሙሽራ አባት ይጠብቅ የለ፤ ያድርሱት» ብሎ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ላቡ ደርቆ፣ ትከሻው ድንገት ጠቦ ታየኝ።

የራሴን ጋቢ አውልቄ አለበስኩት።

«ይህን ለብሼ ጎረቤት ፊት ልወጣ?» አለ እያገላበጠው። «ትናንት አዲስ፣ ዛሬ አሮጌ? ጫፉንስ ምን በላው?»

«ፍየል ነው። ከጠየቁዎት ልጄ ውሉን ያለማስታወቂያ ለወጠው በሏቸው።»

ሳቀ። ጋቢዬን ግን አልመለሰም፤ እስከ አገጩ ተከናነበው።

እሑድ ሐጂ ይማም የዘሃራን ጋቢ ተጎናጽፈው ኒካው ታሰረ። ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «እንዝርቷ እውነትም ደህና ናት» አሉኝ፤ ሌላ አልጠየቁም። ዘሃራ ቀና ብላ ሙሽራዋን አቀፈቻት። ከሽማግሎቹ መሀል ባዶ ትከሻውን የተቀመጠ እኔ ብቻ ነበርኩ። «ጋቢዎስ?» ሲሉኝ «አገልግሎት ላይ ናት» እያልኩ ዋልኩ። መተግበሪያው በዚያው ሰዓት «አገልግሎታችንን ስንት ኮከብ ይሰጡታል?» የሚል መልእክት ላከልኝ። ኮከቦቹን ሁሉ ለራሴ አስቀረሁ።

ዘሃራ መርሳ እንደተመለሰች እንዝርቷን አነሳች። ደግሞ ለማን ነው ብላት፣ «ለመቻሬው ሰውዬ» አለችኝ። «በልጅ ስም የሞቀው ሰው እንዴት ይበርደዋል?»

«እኔስ ዘሃራ? እኔም እኮ ራቁት ቀርቻለሁ።»

«እርስዎማ ጣትዎ ታሙቅዎት።»

ያ ጋቢ በቅርቡ አልቆ መጣ። ዘሃራ ይዛው ወደ ቤቴ ስትመጣ፣ ይርጋም ጎረቤቱም ወሬ ሽቶ ተከተላት። እኔ ግን ተዘጋጅቼ ነበር። ለራሴ ውል አርቅቄያለሁ! ከድርጅቱ ሳልማር ብቀርማ መቼም ሰው አይደለሁም። ተነሳሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ሽማግሌው እንዳለ ይቀርባል!» አልኩ።

መዳፎች ተዘረጉ። «አሜን! እንዳለ ያቆይልን!»

«ኧረ ስሙኝ! ምርቃት አይደለም፣ ውል ነው! ለጠፋ፣ ለዘገየ፣ ፍየል ለቀመሰው ዕቃ ተጠያቂ አይደለሁም!»

«አሚን! ከፍየል ይሰውረን!»

«ኃላፊነቴ ከተከፈለኝ ክፍያ አይበልጥም፤ የተከፈለኝም ነገር የለም!»

«አይበልጥ! አሜን!»

ዘሃራ ከሁሉ ድምፅ በላይ «አሚን!» ብላ፣ መዳፏን ፊቷ ላይ አበሰችና ጋቢውን ብብቴ ሥር ወሸቀችው።

«እንግዲህ ሚኒባሱ ሳይሞላ ይድረሱ» አለችኝ። «ቢጠፋም እርስዎ አሉልኝ።»

ተነሳሁ። ጉልበቴ ጮኸ። ሄድኩ።